ባለመኪናዋ

የሚስቱ ታላቅ እህት ለሚስቱ «ውሽማ ይዟል» ስትላት ሰማና ደስ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ደስ የሚለው ባል ካለ ይምጣና ይታይ፤ እሱ ግን ደስ አለው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ምላጩን አንስቶ ቆመ። ኩሽናውንና መታጠቢያ ቤቱን የምትለየው አንዲት ስስ ግድግዳ ናት፤ ከላይ ያለችው የአየር መውጫ ደግሞ ሽታውንም ወሬውንም እኩል ታሳልፋለች። እህትየው በጠዋቱ የመጣችው የሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ነካ ብላ ለማማረር ነበር፤ ለካስ ሽንኩርቱ መግቢያ ነው። «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ ስልሽ!» አለች። «ከገበያው ጀርባ፣ ነጭ መኪና ውስጥ፣ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። አንድ ቀን ቢሆን ዝም ባልኩ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው። እየጠበቃት ነዋ! ባለመኪና ናት ማለት ነው። እሷ ራሷ እየነዳች ነው ይዛው የምትሄደው።» ሚስቱ መክተፏን ቀጠለች። በመጨረሻ «ገምቼው ነበር» አለች። «ከገመትኩት ቆይቻለሁ።»

እስቲ ፍረዱ። ይህ ሰው ውሽማ የለውም። ነጯ መኪና እሱ የሚያስተምርበት የመንዳት ማሠልጠኛ መኪና ናት፤ ማታ ማታ ጣሪያዋ ላይ ያለው «ለማጅ» የሚል ምልክት ተነቅሎ ከኋላ ሲገባ የማንም መኪና ትመስላለች። መኪኖቹ የሚያድሩት ከገበያው ጀርባ፣ ማሠልጠኛው በተከራየው ገላጣ ቦታ ነው፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች ቁልፍ አስረክበው ወደየቤታቸው ሲበተኑ እሱ መኪናው ውስጥ ይቀራል። ተሳፋሪ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም ሰው ጠብቆ አይደለም፤ ወንበሩ ስለሆነ ነው። ግማሽ ዕድሜውን ሌላ ሰው መሪ ይዞ፣ እሱ በቀኝ በኩል ተቀምጦ «ፍሬን! ፍሬን!» ሲል የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «ፍሬኑ» የሚሉትም ለዚሁ ነው። ብቻውን ሲሆን እንኳ እግሩ ወደ ቀኙ በር ይወስደዋል። ይህን ለሚስቱ እህት ማን ያስረዳት? እሷ መኪና ውስጥ ባዶ ወንበር ካየች ሴት ታስቀምጥበታለች።

መኪና ውስጥ የሚቀረው ሚስቱን እንቅልፍ እስኪወስዳት ነው። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ መጀመሪያ ጥማቱ መጣ፣ ቀጥሎ የእግሩ መደንዘዝ መጣ፤ እነዚህን ለሰው ይናገራል። ሦስተኛውን አይናገርም። አልጋ ላይ አልሆንለት አለ። አንድ ቀን ድካም ነው አለ፤ ሌላ ቀን ሐሳብ ነው አለ፤ ከዚያ ምክንያቱ ሁሉ አለቀበትና ጀርባውን መስጠት ጀመረ። ጀርባ መስጠቱም ሲያሳፍረው ሳሎን ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ እንቅልፍ የጣለው መሰለ። በመጨረሻ መኪናዋን አገኘ። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነው ያህል ይከብደዋል። ይባስ ብሎ ሽቅርቅሩ የሚሉት የሥራ ጓደኛው አንድ ቀን ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ «የስኳር መድኃኒት እኮ ነው ወንድነትን የሚገድለው!» ብሎ ስለነበር፣ ሐኪም ጠይቆ ማረጋገጥ ሲችል መድኃኒቱን ተወው። ያን ቀን ጠዋትም ፊቱን ተላጭቶ ሲጨርስ አንዲት ክኒን ከማሸጊያዋ ፈልቅቆ ውሃ መውረጃው ውስጥ ጣላትና ቧንቧውን ከፈተ፤ ማሸጊያው ካልጎደለ ሚስቱ ትጠይቀዋለቻ! እንዲህ የሚኖር ሰው «ውሽማ ይዟል» ሲባል ደስ ቢለው አትፍረዱበት። ወይም ፍረዱበት፤ እኔ ሰልችቶኛል።

እህትየው እሱ ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ሽንኩርቷን አንስታ፣ ዓይኑን ሳታይ «ደህና ዋል» ብላ ሄደች። ቁርስ ላይ ሚስቱ ሻዩን ያለ ስኳር ቀዳችለት፤ በሽታው ከታወቀ ጀምሮ የራሷንም ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ለመማር ከሄደች ወዲህ ክፍሏን የስፌት መኪናውና የጨርቁ ክምር ወርሰውታል። ያን ቀን የለበሰችው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ የራሷ ሥራ ነው። ወገቡ ላይ አጥብባው ነበር፤ እንደገና አጥብባዋለች። እራት መብላት ትታለች። እሱ ይህን ሁሉ አይቷል፤ ግን ስለ ራሱ ብቻ ያስብ ስለነበር አንዱን ከአንዱ አላገናኘውም። «ዛሬም ታመሻለህ?» አለችው። «ሥራ አለ» አላት። ዳቦዋን ለሁለት ቆረሰችና ሳትቀምሰው ሰሃኑ ላይ መለሰችው።

ማሠልጠኛው ግቢ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ብረት ነጋዴ ነው፤ ሽቅርቅሩ ቤት ሲሠራ ብረቱን የገዛው ከእሱ ነበር። ብረት ነጋዴው ከእህትየው ሰምቶ ገና በማለዳው ለሽቅርቅሩ ደውሎ «ያቺ ሴትዮ ማናት?» ብሎ አፋጥጦታል። ሽቅርቅሩ ጫማውን በቀይ ጨርቅ እየወለወለ ጠበቀውና እጁን ዘርግቶ ተነሣ። «አንተ ዝምተኛ! እኛ በየሄድንበት ስንለፈልፍ፣ አንተ ባለመኪና ይዘህ! ከየት አገኘሃት?» ሒሳብ ያዧ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችው። እስከ ትናንት ድረስ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ የማይመልሰው ሥራ አስኪያጅ ትከሻውን ቸብ አድርጎት አለፈ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ሰውየው ታሞ በከሳበት ወቅት አንድም ቀን «ምን ሆነሃል?» ያላሉት ሁሉ፣ ሚስቱን ያታልላል ሲባል ግን አከበሩት። እሱም ክብሩን ተቀበለ። ፈገግ ብሎ «ተዉኝ እባካችሁ» አለ፤ ይህ «ተዉኝ» «አዎ» ብሎ ከመማል አይተናነስም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ ብረት ነጋዴው ነው። ይህ ሰው ከእጁ የውሃ ጠርሙስ የማይለይ፣ ድምፁ ሁልጊዜ ሱቅ ሙሉ ሰው የሚያዝዝ ነው። የገዛ ሚስቱ ጥላው ወደ እናቷ ቤት ከሄደች ቆይታለች፤ እሱ ግን «አባረርኳት» ነው የሚለው። «እህቴ የነገረችኝ እውነት ነው?» አለ። ፍሬኑ ግቢው መሐል ቆሟል፤ ሽቅርቅሩ ጆሮውን አቁሟል፤ ሒሳብ ያዧም መስኮቱን አልዘጋችም። «የለም» ብሎ መጮህ ይችል ነበር። ግን «የለም» ካለ «ታዲያ በየምሽቱ መኪና ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ይመጣል፤ እሱን ደግሞ ከሚመልስ ምላሱ ቢቆረጥ ይሻለዋል። «ወንድ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። በስልኩ ውስጥ ሰውየው ውሃ ሲጎነጭ ተሰማ። «እንግዲያው ስማ» አለ ቆይቶ። «ወይ ያቺን ሴት ዛሬውኑ ትተዋለህ፣ ወይ ማታ እህቴን ልብሷን አስጠቅልዬ ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። ራሷም እሺ ብላለች።» ስልኩ ተዘጋ። የሌለችን ሴት ሰው እንዴት አድርጎ ይተዋል? ሚስቱን ላለማጣት እውነቱን መናገር አለበት፤ ይህን የሚያህል ነገር ቀርቶ ግማሹንም ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ከቀትር በፊት የክትትል ቀጠሮ ነበረው። የጤና ጣቢያው ኮሪደር እንደተለመደው አግዳሚው ሞልቶ የቀረው ሰው ግድግዳ ተደግፏል። የሐኪሟ ክፍል በር አይዘጋም። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ገርበብ ይልና በየጊዜው ራሱ ይከፈታል፣ አግዳሚው ላይ ያለውም ሰው አንገቱን ያሰግጋል። ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ስኳሩን ለክታ ፊቷ ተለወጠ። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» አለችው። «አንድም ቀን አላቋረጥኩም።» ቁጥሩን ደግማ አየችው። ካልሲውን አስወለቀችውና ዓይኑን አስጨፍና በቀጭን ላስቲክ መሰል ነገር እግሩን መነካካት ጀመረች። «ሲሰማዎት አዎ ይበሉኝ።» እሱ በየመሐሉ «አዎ፣ አዎ» ይል ጀመር። «አሁን አልነካሁዎትም» አለችው። ዓይኑን ሲገልጥ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ታየዋለች። በዕድሜው ሙሉ ፈተና ሲያስፈትን የኖረ ሰው እንደ ተማሪ ሲኮርጅ ተያዘ።

«እንቅልፍስ?» አለች። «እተኛለሁ።» «ጭንቀት፣ ተስፋ መቁረጥ?» «ምን ያስጨንቀኛል!» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከባለቤትዎ ጋርስ? ስኳር አልጋ ላይም ችግር ያመጣል» አለችው። እዚህ ላይ ሰውየው አፉን ከፍቶ ነበር፤ እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ከፍቶ ነበር። በሩ ተበረገደና አንዲት ነርስ «መቀስ አለሽ?» ብላ ገባች። ከኋላዋ አግዳሚው በሙሉ ታየ፤ አንድ ክራንች የያዘ ሽማግሌ፣ አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት፣ ሁሉም ወደ እሱ ባዶ እግር እያዩ። «እኔ?» አለ ፍሬኑ ኮሪደሩ እስኪሰማ ድረስ። «ኧረ እኔ ጋ የለም!» ነርሷ መቀሱን ይዛ ወጣች። ሐኪሟ ተነፈሰች፤ ይህችም ሰልችቷታል። «ብዙ ወንድ ያጋጥመዋል» አለች፤ «ሁሉም እኔ ጋ የለም ይላል። የሚያመጣው ስኳሩ ነው፣ መድኃኒቱ አይደለም። መድኃኒቱን ሲተዉት ነው የሚብሰው። ሕክምናም አለው። በሚቀጥለው ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ።» እሱ ጫማውን እያሰረ ነበር። «መድኃኒቱ አይደለም» የምትለዋን ሲሰማ ማሰሪያው ከእጁ አመለጠ፤ ውሃ መውረጃው ውስጥ የጣላቸው ክኒኖች ሁሉ ዓይኑ ላይ መጡበት። ቀና ብሎ ሊጠይቃት ሲል ግን የሚቀጥለው ታካሚ ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን ይዟል።

ከሰዓት በኋላ ባንክ የምትሠራ አንዲት ሴት ተማሪ ነበረችው። ከግቢው ሲወጡ ሽቅርቅሩ በስፖኪዮው በኩል ጠቀሰው፤ «እሷ ናት?» ለማለት ነው። ሴትየዋ ፍሪሲዮን ቶሎ ትለቃለች እንጂ ጥንቁቅ ናት። አደባባዩን ዞረው መጋዘኖቹ ጋ ሲደርሱ ጋሪ የሚገፋ ሰው ድንገት ከመጋዘን ወጣ። እሷ ደንግጣ መሪውን ጭብጥ አድርጋ ቀረች። ፍሬኑ እግሩን በእሱ በኩል ባለው ፍሬን ላይ ጣለ፤ ግን መርገጡን አላወቀም፤ ጫማው የፔዳሉን ጠርዝ ስቶ ወለሉን ነበር የረገጠው። እንደገና አንስቶ ሲረግጥ መኪናዋ ከጋሪው ጋር አፍ ለአፍ ገጥማ ቆመች። ባለጋሪው የስድብ ዓይነት አወረደ። ሴትየዋ ወደ እሱ ዞራ «መምህር፣ እርስዎ ፍሬኑ ላይ አልነበሩም?» አለችው። «ነበርኩ» አላት። «ሁልጊዜ ነበርኩ።» የሚተማመንበት ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እየከዳው ነው፤ እሱ ደግሞ ለእያንዳንዱ «ደህና ነኝ» እያለ ይፈርምለታል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከገበያው ጀርባ ነበር። ሌሎቹ ሄደዋል፤ ጥበቃው በሩ ጋ ሬዲዮውን ከፍቷል። «ለማጅ» የሚለውን ምልክት ነቅሎ ከኋላ አስገባና ከልማዱ በቀኙ በር ገብቶ ተቀመጠ። ቤት መሄድ ፈራ። አሁን ብረት ነጋዴው ሳሎኑ ውስጥ ተጎልቶ ይሆናል፤ ሚስቱም ልብሷን እያጣጠፈች ይሆናል። ባለትዳር ሆኖ የኖረበትን ዘመን ሁሉ በአንዲት ውሸት ከሚያጣ አንዲት እውነት ቢናገር ምን ነበረበት? አእምሮው ይህን ያውቃል። አፉ ነው እምቢ ያለው። የመኪናው መስታወት በትንፋሹ ጉም ለበሰ። ያኔ የሹፌሩ በር ተከፈተ፤ ሚስቱ ገብታ ተቀመጠች።

እሷ መሪ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ወንበሩ ለባንኳ ሴትዮ ተጠግቶ ስለነበር ጉልበቷ ከመሪው በታች ተጨናነቀ። መሪውን ትኩስ ሰሃን እንደሚይዝ ሰው በሁለት እጇ ያዘችው። «ወንድሜና እህቴ ጥጉ ጋ ቆመዋል» አለች ፊት ለፊት እያየች። «ሴትየዋ ስትመጣ እንይዛታለን ብለው ነው። እኔ መጠበቅ ሰለቸኝ።»

እሱ ጉም የለበሰውን መስታወት በእጅጌው ጠረገ።

«እዚህ ነው የምትቀመጠው? ግድ የለም፣ አትንገረኝ። ማን እንደሆነች፣ ቆንጆ ትሁን አትሁን፣ ለእነሱ ንገራቸው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ።» ዞር ብላ አየችው። «ከእሷ ጋር ይሆንልሃል?»

ሽቅርቅሩ ቢሆን «አዎ» በል ይለው ነበር። «አዎ» ካለ ወንድነቱ ዳነ፤ ነገ ግቢው ውስጥ ትከሻው ቸብ ቸብ ይደረጋል። ግን ከጥበቃው ቤት በሚመጣው መብራት የቀሚሷን ወገብ አየ፤ አንዱ ስፌት ተፈትቶ በላዩ ላይ ሌላ ስፌት የገባበትን። ያልተበላው እራት፣ ሰሃኑ ላይ የተመለሰው ዳቦ፣ ሁሉም ያኔ ተገጣጠመለት። ይህች ሴት ጥፋቱ የኔ ገላ ነው ብላ ራሷን በመርፌ ስታጠብብ ከርማለች።

«ማንም የለችም» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ከማንም ጋር አይሆንልኝም። ስኳሩ ነው። አንቺ የለሽበትም። ይህ የኔ ወንበር ነው፤ አንቺ ያለሽበት የተማሪ ነው። እስክትተኚ ነው እዚህ የምጠብቀው።»

«እስክተኛ?» አለች። መጀመሪያ የሰማችው ይህችን ቃል ብቻ ይመስል ነበር። «እኔ እኮ አልተኛም! በሩን ስትከፍት ዓይኔን ነው የምጨፍነው! ስንት ጊዜ ሙሉ አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ!» አለቀሰች፤ ግን የቁጣ ለቅሶ ነበር፤ በመዳፏ ትከሻውን ደጋግማ መታችው። «ቋንቋ ጠፋህ? ምላስ የለህም? እኔ ምንህ ነኝ?»

አንዴ ከተከፈተ አፉ አልዘጋ አለው። መድኃኒቱን መተውን ነገራት። «ማን ተው አለህ?» «ሽቅርቅሩ።» «ሐኪም እያለልህ ጫማውን ሲወለውል የሚውለውን ሰውዬ ትሰማለህ!» ዛሬ እግሩ ፔዳሉን መሳቱን ነገራት። ከዚያ ዓይኑን ከፊቷ አንስቶ፣ አንድ ምሽት መኪናዋን ይዞ እስከ አንድ ቁልቁለት ሄዶ እንደነበር፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ ዓይኑን ሊጨፍን አስቦ እንደነበር ነገራት። «ለምን እንደተመለስኩ አላውቅም» አለ። ሚስቱ ለቅሶዋን አቆመች። እጇን ሰደደችና የእጅ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሏ ወደ ላይ ሳበችው። ቀድሞም የተሳበ ነበር። ከዚያም አልለቀቀችውም።

መስታወቱ ተንኳኳ። ብረት ነጋዴው ነው፤ አንድ እጁን ጨብጧል፣ በሌላው የውሃ ጠርሙሱን ይዟል። «የታለች?» አለ። ሚስቱ ልትመልስ ስትል ፍሬኑ መስታወቱን አወረደና ቀደማት። «የለችም፣ ጋሼ። ቀድሞም አልነበረችም። ስኳር አለብኝ፤ አልጋ ላይ አቅቶኛል። ከእህትህ ተደብቄ ነው እዚህ የምቀመጠው። ይኸው ነው።» ተናገረው። ሰማዩ አልተደረመሰም፤ የጥበቃው ሬዲዮም አላቋረጠም። ብረት ነጋዴው የተጨበጠ እጁ ቀስ እያለ ተፈታ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ተቀመጠ፤ መኪናዋ በክብደቱ ዝቅ አለች። ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው ጨለጠው።

«ሐኪሙ ማን ነው?» አለ ወደ ጎን ውጭ ውጭውን እያየ። ሱቅ ሙሉ ሰው የሚያዝዘው ድምፅ አልነበረም።

ሚስቱ ወደ ኋላ ዞራ ወንድሟን አየችው። «አባረርኳት» የሚላት የወንድሟ ሚስት ትዝ አለቻት፤ ልቅሶ ላይ ሲገናኙ «ወንድምሽን ጠይቂው» ብቻ ብላ ዝም የምትለዋ። «ጋሼ! አንተም?» «ዝም በይ» አለ፤ ልመና ነበር። እሷ ግንባሯን መሪው ላይ ጣለችው፤ ክላክሱ አምባረቀ። እህትየው ከጥጉ እየሮጠች መጥታ መስታወቱን ደበደበች። «ያዛችኋት? አመለጠች? ማናት?» ትላለች እያለከለከች። ሚስቱ ቀና ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና መስታወቱን ትንሽ አወረደችው። «ባለመኪናዋ እኔ ነኝ» አለቻት። «አሁን ሂጂና ቤቱን ክፈቺልን፣ እንመጣለን።» መስታወቱን መለሰችው።

«ሐኪሟ ሴት ናት» አለ ፍሬኑ። «ሴት?» አለ ብረት ነጋዴው። «ታዲያ እንዴት ብለህ ነገርካት?» «አልነገርኳትም። በሩ አይዘጋም፤ ኮሪደር ሙሉ ሰው ይሰማል።»

«እናንተ ወንዶች!» አለች ሚስቱ፤ እጇ አሁንም የእጅ ፍሬኑ ላይ ነው። «ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። በሩን እኔ እይዘዋለሁ።»